ሩዝ የበቀለበት ጭቃ

«ዓሣው የዛሬ ነው?»

«ዓሣው የዛሬ፤ ጭቃው የጥንት።»

የይለፍ ቃሉ ገጠመ። ሹዪን ከፌይ ጌጥ የፋቀችው ጭቃ ያለባትን ትንሽ ብልቃጥ ለሻለቃ ጂ አቀበለችው። ጀልባዋ ቦዩ ላይ ካለው ሺዶንግ ድልድይ ሥር ታስራለች። ከላይ የገበያው ጫጫታ ሁሉንም ድምፅ ይውጣል።

የምሥጢር ስሟ «ሽመላ» ነው። ሽመላ የፖሊስ ሰላይ መሆኗን የሚያውቀው ጂ ብቻ ነው። ቀዛፊ መስላ የፌይ ዘራፊዎች መሐል ከገባች ወራት አልፈዋል። ፌይ ሕግ ከሚጠብቀው የጥንት የሩዝ ማሳ ጄድ ከሚባል አረንጓዴ የከበረ ድንጋይ የተሠራ ጌጥ ቆፍሮ ይሸጣል። የማሳውን ዘበኛ፣ ሽማግሌውን ሉን፣ በአካፋ ፈልጦ ገድሎታል። ሲያዝ ግን «የአያቴ ውርስ ነው» ብሎ ይለቀቃል።

ውሸቱን የሚያጋልጠው ጌጡ ላይ የተጣበቀው ጭቃ ነው። የሩዝ ቅጠል ይበሰብሳል፤ በውስጡ ያለው ብርጭቆ መሳይ ብናኝ ግን ሺህ ዓመታት ሳይጠፋ ይቆያል።

ጂ ብልቃጡን ከፈተ።

ቦዩ ውስጥ ገለበጠው።

«ምን ነካህ?!»

«ይቅርታ፣ ሽመላዬ። ፌይ ቀድሞ ገዝቶኛል።»

ፌይ አካፋውን ይዞ ከድልድዩ ጀልባዋ ውስጥ ዘሎ ገባ። ጄዱ አንገቱ ላይ ተንጠልጥሏል፤ ገዢ ጥንታዊነቱን የሚያምነው ጭቃውን ሲያይ ነው ብሎ አላጠበውም።

«አንቺ ቀዛፊ! እኔ እኮ ልድርሽ አስቤ ነበር!»

«ለማን? ለሉ ሬሳ?»

አካፋው ወረደ። በግራ እጇ መከተች።

ሁለት ጣቶቿ ወለሉ ላይ ቀሩ።

የዓሣ ቢላውን መዝዛ ጉሮሮው ሥር ሻጠችው። ሐብሉ ተበጠሰ፤ ጄዱ ጀልባዋ ላይ ወደቀ። ጂ ተኮሰ። ፌይን እንደ ጋሻ ይዛ ጥይቱን ለእሱ አሳለፈችለትና ጂ ላይ ተወረወረች። ሦስቱም ቦዩ ውስጥ ገቡ። የጂን አንገት በጉልበቷ ተጭና ያዘች። ሥራውን ያስተማራት እሱ ነበር።

አረፋው ቆመ።

ሹዪን ከጀልባዋ ያነሳችውን ጄድ ጭቃ ሲመረምሩ የቆዩት የጥንት እህል ተመራማሪዋ ዶክተር ዪን ከማጉያ መነጽሩ ላይ ቀና አሉ።

«እንደ ማራገቢያ የተዘረጋችው ብናኝ የሩዝ ናት፣ ልጄ። ጠርዟ ላይ እንደ ዓሣ ቅርፊት የተደረደረው ደግሞ ሰው ያረሰው ሩዝ መሆኑን ይናገራል። ጭቃው ከሉ ማሳ የወጣ ነው። አሁን ቀርበሽ መስክሪ።»

«ማን ነኝ ብዬ? የሚያውቀኝ ሰው ቦዩ ውስጥ ነው። ለፖሊስ እኔ ሻለቃ የገደልኩ ቀዛፊ ነኝ።»

«ታዲያ ማን አመጣው ልበል?»

«በር ላይ ጥሎት የሄደ ሰው።»

አሮጊቷ እጇን በአዲስ ፋሻ ጠቀለሉላት። ጄዱንም «በር ላይ የተገኘ» ብለው ለፖሊስ ላኩት።

የፌይ ሰዎች በመኸር ተፈረደባቸው። ማሳው ታጠረ፤ የሉ ሚስት የባሏን ገዳይ ግብረ አበሮች በካቴና አየቻቸው። ጄዱን ያመጣውን ሰው ስም ግን የጠራ አልነበረም።

ከዚያ ርቆ በሚገኝ ወደብ አንዲት ሴት ጎመን ትጭናለች። አሠሪዋ ግራ እጇን አይቶ ጠየቃት።

«ምን ቆረጠሽ፣ እህቴ?»

«ማጭድ» አለችና ቀጣዩን ከረጢት አነሳች።