የግድግዳው ሰባተኛ መስመር

ቅዳሜ ጥር 21 ቀን 2008 ዓ.ም.፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ከሃያ ደቂቃ ላይ፣ አቶ ወልደ ገብርኤል ይጁቤ ውስጥ ከቤታቸው ጓሮ ወደ ወፍጮ ቤታቸው በሚያወርደው የድንጋይ ደረጃ ግርጌ ሞተው ተገኙ። ዕለቱ አስተርእዮ ማርያም ነበር። የወሩ የማርያም ማኅበር ተራ የደረሰው በእሳቸው ቤት ስለነበር፣ ውኃ ቀድታ የምትመለስ አንዲት ሴት ስትጮህ አሥራ ስምንት ማኅበርተኛ ከድግሱ ተነሥቶ ወረደ። የሟቹ ግንባር ተፈንክቷል። ሸሚዛቸው ግን ከወንዝ የወጣ ያህል በላብ ርሶ ነበር።

ምክትል ኢንስፔክተር እስከዳር ከደብረ ማርቆስ ስትደርስ እሑድ ረፋድ ሆኗል። የመምሪያው መኪና ጎማ ሲጠብቅ ወር አልፎት ስለነበር በሚኒባስ፣ በሁለት ጆንያ ጤፍ መካከል ተጨናንቃ መጣች፤ እንደ ደረሰችም ነገሩ ያለ እሷ ማለቁን ተረዳች። አስከሬኑ ተገንዟል፤ ቀብሩ በስምንት ሰዓት ነው። የሟቹ ሚስት ወይዘሮ ሥራነሽ ባላቸውን በረሃብ ገድለዋል ተብለው ከትናንት ጀምሮ በፖሊስ ጣቢያ ታስረዋል። አስከሬኑ ይመርመር ብላ ወደ አዛዧ ብትደውል፣ ኮማንደሩ ቤተሰቡ እንደማይፈቅድ፣ ሴትዮዋም ሰኞ በሦስት ሰዓት ፍርድ ቤት እንደሚቀርቡ ነገሯት። መዝገቡን አስተካክላ እንድትመለስ እንጂ እንድታወሳስበው አልተላከችም።

ወይዘሮ ሥራነሽ ከጣቢያው አግዳሚ ወንበር ላይ ነጠላቸውን ዘቅዝቀው ተቀምጠዋል። የባላቸው ቀብር ላይ ለመቆም ጠይቀው ተከልክለዋል።

እስከዳር አጠገባቸው ተቀመጠች። «አስርበውት ነበር ይላሉ።»

«ቢሉ አይፈረድባቸውም እቴ። አንድ እንቁላል፣ ሦስት ማንኪያ ሽሮ፣ መዳፍ የምታህል እንጀራ። ይህንን ሲያይ ሰው ምን ይበል? የማኅበራችን ማንጠግቦሽ ጉርሻ ይዛ በመጣች ቁጥር እጇን ይዤ መልሻለሁ። የሰው ጉርሻ የመለሰች ሴት ማን ያምናታል?»

ታሪኩን ከሥር ጀምረው አወሩላት። ባላቸው መቶ ስድሳ ሁለት ኪሎ ደርሰው ከአልጋ እስከ በር መሄድ አቅቷቸው ነበር። ባለፈው ዓመት ጥቅምት ከታናሽ ወንድማቸው ከታረቀኝ ጋር ሕንድ አገር ሄደው ጨጓራቸውን አስቆርጠው፣ የቀረችውን የእንቁላል ያህል ጨጓራ ከአንጀታቸው ጋር አስቀጥለው ተመለሱ። ከዚያ በኋላ የቤቱ ሕግ ግድግዳ ላይ የተለጠፈው ወረቀት ሆነ። በዓመቱ ዘጠና አራት ኪሎ ሲገቡ በእግራቸው ወደ ወፍጮው ወረዱ፤ የወፍጮውንም ቁልፍ አንገታቸው ላይ አሰሩ።

«ቁልፉ ቀድሞ ማን ዘንድ ነበር?»

«ታረቀኝ ዘንድ ነዋ። ስምንት ዓመት የወንድሙ እግር እሱ ነበር።»

«ትናንት የማኅበሩን ጽዋ ለባልዎ ማን ሞላላቸው?»

«እኔ ራሴ። በጠላ ፈንታ ውኃ ነው የሞላሁት፣ የንስሐ አባታችን አባ አካለ ወልድ ቀድመው ፈቅደውልናል። ከጓዳው መደብ ላይ አስቀምጬ ወጥ ላወጣ ዞር አልኩ። ስመለስ አንድ ሰው ወስዶታል።»

«ከጠላው ሌላ በቤቱ ምን መጠጥ ነበር?»

«ጠላ ለማይቀምሱት አንድ እንስራ ሙሉ ብርዝ ነበር፣ እዚያው መደቡ ሥር። ለሱ ግን ማር መርዙ ነው፤ ግድግዳው ላይ ተጽፎልሻል።»

በእርግጥም ተጽፏል። እስከዳር ከሟቹ ቤት ገብታ ወረቀቱን ሁለት ጊዜ አነበበችው። ደብረ ማርቆስ የሚከታተላቸው ዶክተር ኪዳነ ማርያም በአማርኛ የጻፈው ነው። መጀመሪያ እንቁላል፣ ሥጋ ወይም አይብ ይበላ፤ ቀጥሎ አትክልት፤ እንጀራ፣ ዳቦና ድንች በመጨረሻ፣ ያውም በጥቂቱ። መጠጥ ከምግብ ግማሽ ሰዓት ይራቅ። ሰባተኛውና ስምንተኛው መስመር በኋላ በቀይ ተጨምረዋል፤ ሰባተኛው ስኳር፣ ማር፣ ጭማቂና ለስላሳ ፈጽሞ አይቅመሱ ይላል። ስምንተኛው፣ ካላባቸውና ከተንቀጠቀጡ ብቻቸውን አይተዉ። ከወረቀቱ በታች ወይዘሮ ሥራነሽ የእያንዳንዱን ቀን ምግብ በማንኪያ ቆጥረው የመዘገቡበት ደብተር በገመድ ተንጠልጥሏል። ወረቀቱን ከማኅበርተኛው ማን እንዳነበበው ጠየቀች። ሁሉም አይቶታል፤ ያነበበው ግን አልተገኘም።

ጽዋው በነጭ ጨርቅ ተሸፍኖ ከመደርደሪያው ላይ ነበር፤ ሁለት የቡና ስኒ የምትይዝ ትንሽ የቀንድ ዋንጫ። ደጋሹ መጀመሪያ ከጨለጣት በኋላ ታጥባ፣ ተሸፍና ተቀምጣለች። ከወለሉ እስከ መደርደሪያው ግን ቀጭን የጉንዳን ሰልፍ ግድግዳውን ይወጣል። መድረሻው የጨርቁ ጠርዝ ነው። እስከዳር ጨርቁን በጣቷ ነካችው፤ ተጣበቀባት። ዋንጫውን ያጠበ ሰው ጨርቁን ረስቷል።

እትዬ ማንጠግቦሽ፣ የማኅበሩ አንጋፋ፣ ሳይጠየቁ ነበር የጀመሩት። የከበረ ሰው እንደ በሽተኛ ጫጩት በማንኪያ ሲመገብ ዓመት ሙሉ ማየታቸውን፣ ሥራነሽ ከነማንኪያዋ እንድትጠየቅ መመኘታቸውን ተናገሩ። እስከዳር አስጨርሳቸው ስለ ጽዋው ጠየቀች።

«አባ ባረኩና ሰጡት። አንዴ ጎንጨት አለና ቆመ። አባን ቀና ብሎ አያቸው። ‹የእመቤታችን ነው፣ ጨርሰው› አሉት፣ ጨረሰው። የተባረከ ጽዋ አይተፋም፣ አይመለስምም፤ በኛ ማኅበር ሆኖ አያውቅም።»

«ከዚያስ?»

«ሰባት ሰዓት ተኩል ላይ ነው ይኸ። ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን፣ ሥራነሽ ጓዳ ሳለች፣ ላቡ ይንቆረቆር ጀመር፣ አፉ ተሳሰረ። ‹ወልዴን ውኃ አሰከረው› ብዬ ተረብኩት።» ድምፃቸው ዝቅ አለ። «ሁላችን ሳቅን፣ ልጄ።»

«ደረጃውን ለመውረድ ለምን ተነሣ?»

«ታረቀኝ በጆሮው፣ የወፍጮው ቀበቶ ተበጥሷል ይሉሃል ሲለው ሰማሁ። እሱ ራሱ አልተነሣም፤ ከጎኔ ነበር፣ ጩኸቱ እስኪሰማ ድረስ። ጽዋው ከመቅረቡ በፊት እጁን ሊታጠብ አንዴ ወጣ ከማለቱ በቀር ሰዓቱን እያየ ተቀምጦ ነበር።»

ታረቀኝ ሲጠየቅ ዐይኑን እየጠረገ መለሰ። ለስምንት ዓመት ወንድሙን አቅፎ እንዳስነሣ፣ ሁለት ጊዜ ሕንድ አገር አጅቦት እንደሄደ ተናገረ። ጽዋው ከየት እንደ መጣ አላየም፤ ከመቀመጫውም ፈጽሞ አልተነሣም።

እስከዳር ስልኳ የሚሠራበትን ቦታ ፍለጋ ከቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ ያለውን ጉብታ ወጣች። ከዶክተር ኪዳነ ማርያም ጋር ስትነጋገር መስመሩ ሦስት ጊዜ ተቋረጠ።

«ሰባተኛውን መስመር ለምን በቀይ ጨመሩት?»

«ኅዳር ላይ ለዓመት ምርመራ ሕንድ አገር ተመልሰው ሄደው ነበር። የማንጎ ጭማቂ ጠጡና ከአንድ ሰዓት ተኩል በኋላ ሆቴል ውስጥ ራሳቸውን ስተው ወደቁ። ፈሳሽ ስኳር ከትንሿ ጨጓራ በቀጥታ ወደ አንጀት ይፈስሳል። ሰውነት ይደነግጥና ኢንሱሊኑን ከልክ በላይ ይለቃል። በሰዓት በሁለት ሰዓት ውስጥ የደሙ ስኳር ከሚገባው በታች ይወርዳል። ያልባል፣ ይንቀጠቀጣል፣ የሰከረ ይመስላል።»

«ከእሳቸው ጋር ማን ነበር?»

«ወንድማቸው። ማስጠንቀቂያውን የፈረመው እሱ ነው፤ ቅጂው እጄ ላይ አለ።»

«አስከሬኑ ቢመረመር ይታወቃል?»

«ከሞት በኋላ የደም ስኳር ብዙም አይነግርሽም» አላትና መስመሩ ለአራተኛ ጊዜ ተቋረጠ።

ከቀብር መልስ፣ አሥር ሰዓት ላይ፣ ማኅበርተኛውን ከለቅሶው ድንኳን ሰበሰበች። የጣቢያው አዛዥ ወይዘሮ ሥራነሽን ለግማሽ ሰዓት ብቻ ፈቅዶላት በሁለት ፖሊስ መካከል አስገባቸው። ቦታ የለቀቀላቸው ሰው አልነበረም፤ ድንኳኑ በር ላይ ቆሙ።

እስከዳር ድምፅዋን ከፍ ሳታደርግ ጀመረች። «አቶ ወልደ ገብርኤል በረሃብ አልሞቱም። ደብተሩ እዚህ አለ፤ በዓመት ውስጥ አንድ ቀን እንኳ አልተዘለለም። የተራበ ሰው ደግሞ ጠዋት ጠዋት ያንን ደረጃ አይወርድም፣ አይወጣም። ጽዋው ውኃ ነበረበት ተብሏል። ውኃ ጎንጭቶ የሚደነግጥ ሰው ግን የለም፤ እሳቸው በመጀመሪያው ጉንጭ ቆሙ። የጽዋው ጨርቅ ጠርዝ ይጣበቃል፣ ጉንዳን ወርሮታል። ስለዚህ ውኃው ተደፍቶ በወፍራም ብርዝ ተተክቷል። ይህን ያደረገው ሰው ሁለት ነገር ያውቅ ነበር፤ ማር እሳቸውን በአንድ ሰዓት ተኩል ውስጥ እንደሚጥላቸው፣ የተባረከ ጽዋ ደግሞ በዚህ ማኅበር እንደማይመለስ።»

«ሥራነሽም ታውቃለች» አለ ታረቀኝ። «ወረቀቱ ቤቷ ነው።»

«ወረቀቱ ስለ ሰዓቱ አንድም ቃል አይናገርም። ሰዓቱን ሆቴል ውስጥ ቆጥሮ ያየ አንድ ሰው ነው፤ ፊርማው ዶክተሩ ዘንድ አለ። ከመቀመጫዬ አልተነሣሁም ብለኸኝ ነበር፤ እትዬ ማንጠግቦሽ እጅህን ልትታጠብ መውጣትህን አይተዋል። በዘጠኝ ሰዓት ወንድምህ ሲያልበው ስምንተኛው መስመር ‹ብቻቸውን አይተዉ› ይላል፤ አንተ ብቻውን ወደ ደረጃው ላክኸው። ቀበቶው ተበጥሷል አልከው።» ወደ ሕዝቡ ዞረች። «ትናንት ምን ቀን ነበር?»

አንድ ሽማግሌ ከጥግ «አስተርእዮ ማርያም» አሉ።

«በማርያም ቀን ይህ ወፍጮ ፈጭቶ ያውቃል?»

እትዬ ማንጠግቦሽ ነጠላቸውን ወደ አፋቸው ወሰዱ። እስከዳር ቀጠለች። «አእምሮው ንጹሕ የሆነ ሰው የቆመ ወፍጮ ቀበቶ አይበጠስም ብሎ ይስቃል። የደሙ ስኳር የወረደ ሰው ግን እሺ ብሎ ይነሣል። አንተም ከአሥራ ስምንት ምስክር መካከል ተቀምጠህ ጠበቅህ። ወንድምህ በወፈረ ጊዜ ቁልፉ ያንተ ነበር፤ ሲድን ወሰደብህ።»

ታረቀኝ አላለቀሰም። «ደግ አልሽ» አለ በዝግታ። «እጄን ስታጠብ ታየሁ። ጽዋውን ስይዝ ማን አየኝ? ብርዙም ጓዳው ውስጥ ነበር፣ ጽዋውም ጓዳው ውስጥ ነበር፤ የጓዳው እመቤት ደግሞ ያቺትና ቆማለች።»

ይህን እንደሚል እስከዳር ታውቅ ነበር። ጉንዳን ቃል አይሰጥም። የሐኪሙ ፊርማ ማወቁን እንጂ መቅዳቱን አያስረዳም። ኮማንደሩ ሰኞ ጠዋት የሚፈልጉት አንድ የተፈረመ የምስክር ቃል ነው፤ ያ ከሌለ ወይዘሮ ሥራነሽ ወደ ማረሚያ ቤት ይሄዳሉ። ጽዋውን ከጓዳው ካወጣው እጅ የተቀበለ ደግሞ አንድ ሰው ብቻ ነው። ቄስ አካለ ወልድ፣ የማኅበሩ የንስሐ አባት፣ ከድንኳኑ ራስ ተቀምጠው ነበር። ሽታው ሳይደርሳቸው እንዳልቀረ፣ ማር ደግሞ በረከት እንጂ ሞት ይሆናል ብለው እንዳላሰቡ ገመተች። «ጨርሰው» ያሉት እሳቸው ናቸው።

ባዶ የቃል መቀበያ ወረቀትና እስክሪብቶ ከፊታቸው ካለው በርጩማ ላይ አኖረች፤ ዝቅ ብላም ተናገረች።

«አባ፣ እርስዎ አልገደሉትም። ይህንን እኔ ነኝ የምጽፈው። ማኅበሩም በዚህ አይፈርስም።»

አባ መስቀላቸውን ከቀኝ እጃቸው ወደ ግራ አዛወሩ።

«ወይዘሮ ሥራነሽ አፈር ሳያለብሱት ተቀብሯል። ነገ በሦስት ሰዓት እሳቸው ናቸው የሚጠየቁት። እኔ የማቀርበው ጨርቅና ጉንዳን ብቻ ነው።»

ፖሊሱ ግማሽ ሰዓቱ መድረሱን በምልክት አሳያት። ወይዘሮ ሥራነሽ በሩ ላይ እንደ ቆሙ ዐይናቸው ከአባ እጅ አልተነቀለም። ታረቀኝም እዚያው ያይ ነበር፤ አሥራ ስምንቱም።

«ጽዋውን ከማን እጅ እንደተቀበሉ ይንገሩኝ፣ አባ። መጻፉ ከከበደዎ በጣትዎ ያመልክቱኝ።»

ነፋሱ ወረቀቱን ከበርጩማው ላይ አነሣው። እስከዳር አንሥታ ከፊታቸው መለሰችው፣ እስክሪብቶውንም ከላዩ ጫነችበት።

«አባ፣ እባክዎ።»