ፈረንሳይ መከላከያ

ሺሬ በቼዝ ሰሌዳው ላይ የንጉሡን ወታደር ሁለት ቤት አራምዶ ሰዓቱን ተጫነ። ተራው የንጋቷ ነው።

ጅጅጋ የሚያውቃት በሂሳብ መምህርትነቷ ነው። በስለላ መሥሪያ ቤቷ መዝገብ «ጨው» ትባላለች። ፊት ለፊቷ የተቀመጠው ተርጓሚ ሺሬም የዚያው መሥሪያ ቤት ሰው ነው፤ የምሥጢር ስሙ «ዋርካ»። በ1999ኙ የከተማው ቼዝ ውድድር መጨረሻ ዙር ላይ ያገናኛቸው ዕጣ ብቻ አይደለም።

ሾፌሩ አደን ከተመልካቹ መሃል ቆሞ የጨዋታው እርምጃ ሁሉ የሚታይበትን የግድግዳ ሰሌዳ ያያል። ሲሲሊያን በሚባለው አከፋፈት ከመለሰች፣ መሣሪያ አሻጋሪዎችን የሚያጋልጠውን ምስክር፣ ሳማታርን፣ ይዞ በሸደር መንገድ ድንበር ይሻገራል። በፈረንሳይ መከላከያ ከመለሰች ሸደር ሞት ነው፤ በባቡሩ መስመር በደወሌ ይሻገር። የሸደሩን መንገድ ከሁለቱ ሌላ የሚያውቅ ሺሬ ብቻ ነው፤ ይህን ሁለተኛውን ግን እሱም አያውቅም።

ለሲሲሊያን እጇን ዘረጋች።

«አይዞሽ» አላት ሺሬ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ነጯ ፒካፕ ሸደር ስትደርስ የሚቀበሏት አሉ።»

እጇ አየር ላይ ቀረ።

አደን መኪና የቀየረው ከአንድ ሰዓት በፊት ነው። የነገረው ለእሷ ብቻ ነው። ነጭ መሆኗን የሚያውቅ ካለ፣ አደንን በስውር ያስከታተለ ሰው ነው።

የንጉሡን ወታደር አንድ ቤት ብቻ ገፋች።

ፈረንሳይ።

የሺሬ ፊት ተለዋወጠ። አደን ሹልክ ብሎ ወጣ። የተጫዋቾቹ ስልኮች በዳኛው መሳቢያ ውስጥ ተቆልፈዋል፤ ሺሬ ወጥቶ ለሰዎቹ ሊናገር ወንበሩን ገፋ አደረገ።

«ከተነሳህ ማን እንደሆንክ ለአዳራሹ እናገራለሁ።»

«አንቺም አብረሽኝ ትጠፊያለሽ።»

«እኔማ ጠፍቻለሁ።»

ተቀመጠ።

ሁለት ሰዓት ተኩል ሙሉ ይዛ አቆየችው። ፈረሷን አስበላች፣ ግንቧን አስበላች፤ ጀርባዋ በላብ ራሰ። የምታስበው ዳኛው ጨዋታው አልቋል እንዳይል ብቻ ነበር። በመጨረሻ ንጉሧ መሄጃ አጣ። ሺሬ አሸንፎ ሲወጣ፣ አደን ከመንገድ ደውሎ የጠራቸው ሁለት የመሥሪያ ቤቱ ሰዎች በር ላይ ያዙት።

በማግስቱ ወሬው ደረሳት። ሳማታር በደወሌ ተሻግሯል። አደንን ሲከታተሉ የነበሩት የሺሬ ሰዎች ግን መንገድ ላይ ደርሰውባቸው ነበር። አደን ምስክሩን ባቡር ሐዲዱ ዳር ለሌላ ሰው አስረክቦ፣ ባዶዋን ፒካፕ እየነዳ ወደ በረሃው ጎተታቸው። እዚያው ገደሉት።

ማንንም ሳታይ ከተማውን እንድትለቅ ታዘዘች። እሷ ግን ለቅሶ ቤት ገባች። ነስራ፣ የአደን ሚስት፣ ባሏን ከየት እንደምታውቀው ጠየቀቻት።

ንጋቷ፣ «አንድ ቀን መንገድ ላይ በመኪናው አሳፍሮኝ ነበር» አለች።

ነስራ እጇን ያዘቻት። «እሱ መንገደኛ ጥሎ አያልፍም ነበር።»

ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ፣ ከጅጅጋ በሚወጣ ሚኒባስ የኋላ ወንበር ላይ፣ ሻርፗን እስከ አፍንጫዋ ስባ ተቀመጠች። ስሟን የጠየቃት አልነበረም።