የተሰረዘው ይታይ

የልብስ ሰፊዎችና የማሽን ጠጋኞች የኢንተርኔት መድረክ ብዙ ሕግ አልነበረውም። ስድብ ክልክል ነው። የሌላውን ሥራ ፎቶ የራስ አስመስሎ መለጠፍ ክልክል ነው። ሦስተኛውን ሕግ ግን የመድረኩ ጠባቂ፣ ዕድሜ ልካቸውን ካፖርት ሲሰፉ የኖሩትና ሁሉም «አባባ ካፖርት» የሚላቸው ሽማግሌ፣ ከሁለቱ አስበልጠው ይጠብቁት ነበር።

«ፊደል ከገደፍክ ዝም ብለህ አርም። ሐሳብህን ከቀየርክ ግን አሮጌውን አታጥፋ፤ መስመር አጋድምበትና ይታይ። ከሥሩ እርማት ብለህ ምክንያቱን ጻፍ። ሰው የመለሰበት ጽሑፍ አይጠፋም።»

አብዛኛው ሰው ይህን የሚያነበው ሲመዘገብ ነው፤ ማለትም አያነበውም።

ዘምዛሚዋ አንብባዋለች። ስሙ የወጣላት ጠርዝ ስትዘመዝም ክሩ ስለማይታይ ነው። ከእናቷ ጋር ባለ አንድ መስኮት ሱቅ ውስጥ ትሠራለች። እሷ ማሽኑ ላይ፣ እናቷ መስኮቱ ሥር፤ እናትየው የቁልፍ ቀዳዳ በእጃቸው ይሠራሉ።

አንድ ቀን ማሽኗ ስፌት እየዘለለ አስቸገራትና መድረኩ ላይ ጠየቀች። የፋብሪካ ማሽን የሚጠግን፣ «ባለዘይቱ» የሚባል ሰው መለሰላት፦ «መርፌውን አዙረሽ አስገብተሽው ይሆናል።»

አየችው። አዙራዋለች። አሥር ዓመት ሰፍታ እንዲህ ያለ ስህተት አሳፈራት፤ ቢሆንም ጻፈች፦ «አዙሬው ነበር። አመሰግናለሁ።»

ከእሱ በውስጥ መስመር መልእክት መጣላት። «ብዙ ሰው እዚህ ላይ ሲደርስ ማሽኑን ይሰድባል።»

«ማሽኑ ምን አደረገኝ?» አለች።

እንዲህ ተጀመረ። ሰባት ወር ተጻጻፉ። መልኩን አታውቅም። ቀኝ እጁ ዘይት ስለማይለየው ዳቦ በግራው እንደሚበላ ግን ታውቃለች። እሱ ደግሞ እሷ ስትናደድ መቀስ እንደምትስል ያውቃል። በመጨረሻ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ሱቋ ድረስ ሊመጣ ተስማሙ።

የዚያው ሳምንት ማክሰኞ ጠዋት አንዲት ጀማሪ ሰፊ ማሽኗ እንደከበዳት ጻፈች። ባለዘይቱ አንድ የፋብሪካ ማሽን ሥር ተንጋልሎ፣ በአንድ እጁ፣ እንዲህ ሲል መለሰላት፦ «ዘይት አጠጫት። ቺንጊያውንም ትንሽ አስነኪው።»

ቺንጊያው ሞተሩን ከመዘውሩ ጋር የሚያያይዘው ጎማ ነው። ዘይት ከነካው ይንሸራተታል፤ ጨርቅም ያበላሻል። ዘምዛሚዋ ይህን ስታነብ ሳቀች። ከሥሩ ጻፈች፦ «ይህ ሰው ዛሬ ቁርስ አልበላም መሰለኝ። ስለ ቺንጊያው ያለውን ተይው፤ ተቃራኒውን አድርጊ፣ እህቴ።»

በምሳ ሰዓት ባለዘይቱ የጻፈውን አየና ፊቱ ጋለ። የፋብሪካው አለቃ መድረኩን ያነባል። የእሷን መልስ ወርዶ ሳያይ፣ ዓረፍተ ነገሩን ቀየረው፦ «ቺንጊያውን ግን ዘይት እንዳታስነኪው።» መስመር አላጋደመም፤ እርማት አላለም። ጥግ ላይ ማንም የማያያት «ተስተካክሏል» የምትል ግራጫ ቃል ብቻ ቀረች።

ጀማሪዋ ማታ ስትገባ ያገኘችው ይህንን ነው። ባለዘይቱ አታስነኪው ይላል፤ ሁሉም የሚያምናት ዘምዛሚዋ ተቃራኒውን አድርጊ ትላለች። ቺንጊያውን ዘይት ቀባችው።

ረቡዕ ጠዋት የአንድ ነጭ ቀሚስ ፎቶ ለጠፈች። ከወገቡ እስከ ጫፉ ጥቁር መስመር ወርዶበታል። «አንቺን አምኜ ነው» ይላል ጽሑፉ።

ከዚያ በኋላ የመጣውን መቁጠር አያስፈልግም። «እህታችን፣ ሰው ልክ ሲናገር ምን ነካሽ?» ያለው በጣም ጨዋው ነበር።

ዘምዛሚዋ የባለዘይቱን ጽሑፍ ደጋግማ አነበበች። ዓይኗን ተጠራጠረች። ከዚያ ግራጫዋን ቃል አየችና ጻፈችለት፦ «ቀይረኸዋል?»

መልሱ ዘገየ። «እኔ? ፊደል ብቻ ነው ያስተካከልኩት።»

ስልኩን ጨርቅ ሥር ሸጎጠችው። መቀስ መሳል ጀመረች።

«ምን ሆንሽ?» አሉ እናቷ።

ነገረቻቸው። እናትየው መርፌያቸውን ሳያቆሙ አዳመጡ።

«አባትሽ ክፉ ሰው አልነበረም» አሉ። «ግን ጠዋት ያለውን ማታ አላልኩም ይል ነበር። መቼ አልኩ? ይለኛል፤ እንዲያውም ያዝንልኛል። ሃያ ዓመት ጆሮዬን ስጠራጠር ኖርኩ። አንቺ እንዲህ እንዳትኖሪ።»

ዘምዛሚዋ በዚያ ቤት አድጋለች። ማንም ሳያሳስባት ከልጅነቷ ለራሷ የገባችው ቃል ይኸው ነበር፦ «መቼ አልኩ» የሚል ሰው አላገባም። ስልኩን አወጣችና መድረኩ ላይ ጻፈች፦ «ባለዘይቱ ውሸታም ነው። ስሙን ማየት አልፈልግም።» ዘግታ ወጣች። ትወደው ነበር፤ የከፋውም ለዚህ ነው።

ባለዘይቱ የቀሚሱን ፎቶ ያየው ሐሙስ ነው። መጀመሪያ ምንም አልገባውም፤ ወደ ላይ ወጥቶ የዘምዛሚዋን መልስ ሲያነብ ገባው። አንዲት ቃሉን ለማሳመር ብሎ ሁለት ሴቶችን ጉድ አድርጓል። ጀማሪዋን አድራሻ ጠይቆ አርብ ማሽኗን ሊሠራላት ሄደ። ከዚያ በፊት ግን ጽሑፉን ከፍቶ የመጀመሪያውን ቃል መለሰውና መስመር አጋደመበት። ከሥሩ ጻፈ፦

«እርማት፦ የተሰረዘውን የጻፍኩት እኔ ነኝ። ዘምዛሚዋ ተቃራኒውን አድርጊ ያለችው ይህን አይታ ነው፤ ልክ ነበረች። ስትጠይቀኝም ዋሸኋት። ምክንያት፦ አፈርኩ።»

አለቃው አነበበው፤ ፋብሪካው ሳቀ። አባባ ካፖርት «ታይቷል» ብለው ብቻ ጻፉ። ዘምዛሚዋ ገብታ ሁለት ጊዜ አነበበችው።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ አንድ ቀጭን ሰው ሱቁ በር ላይ ቆመ። ጥፍሩ ሥር ዘይት አለ።

«ልብስ ልትወስድ ነው?» አሉት እናትየው።

«አይደለም፣ እናቴ። ባለዘይቱ ነኝ።»

ዘምዛሚዋ ቀና አላለችም። ማሽኑ ግን ቆመ።

«እንግዲህ» አሉ እናትየው፣ «ስለዚያ ቺንጊያ ብለሃል ወይስ አላልክም?»

«ብያለሁ። ከዚያ ደግሞ አላልኩም ብያለሁ። ሁለቱንም ብያለሁ።»

እናትየው መርፌያቸውን ጨርቁ ላይ ሰኩት። «አባትሽም ብሎ ነበር ማለት ነው» አሉ ወደ ልጃቸው ዞረው። «ጆሮዬ ደህና ነበር።» ከዚያ ውሃ ላምጣ ብለው ወደ ጓዳ ገቡ። ውሃው እዚያው ጠረጴዛው ላይ ነበር።

ዘምዛሚዋ አሁን አየችው። እሱም አያት።

«ሁሉንም አጥፍተህ እንደ አዲስ ብትጽፍ ይቀልህ ነበር» አለች።

«አንቺ መልሰሽበታል።»

ጨርቁን ያለ ምክንያት አጠፈችው፤ ዘረጋችው። «ወፍራም ትመስለኝ ነበር።»

«ዳቦውን በግራ ስበላ ግማሹ ይወድቅብኛል» አለ።

ሳቀች። ወዲያው ግን ይቅር አላለችውም። ለብዙ ሳምንታት አላለችውም፤ እሱም ቅዳሜ ቅዳሜ መምጣቱን አልተወም።

በዓመቱ ሠርጋቸው ሲቃረብ የባለዘይቱ ታላቅ እህት ደወሉላት። «የኔ እመቤት፣ ያን ውሸታም ያልሽበትን ነገር አጥፊው እንጂ። ዘመድ ያየዋል።»

«ይየዋ» አለች ዘምዛሚዋ። «ሰው የመለሰበት አይጠፋም።»

ስልኩን ዘግታ መድረኩን ከፈተች። አሮጌው ጽሑፏ ላይ መስመር አጋደመች። ከሥሩ ጻፈች፦

«እርማት፦ አንድ ጊዜ ዋሽቷል፤ ራሱ ተናግሯል። ስሙን በየቀኑ ማየት እፈልጋለሁ። ምክንያት፦ ያለውን ብያለሁ ይላል።»