ውጣ የሚለው ቁልፍ

ስሙ ሲጠራ አለነ መጀመሪያ ትዝ ያለው የክፍሉ ልጅ ያርጋል ነው። የሰደበው ጥምቀት ባለፈ በሳምንቱ፣ ማክሰኞ ከእረፍት መልስ፣ እዚሁ ኮምፒውተር ክፍል ውስጥ፣ በመስኮቱ በኩል ተቀምጦ ነበር። «አንተ! ማውስ ነው እንጂ የአባትህ በቅሎ አይደለም፤ ምን ያስጎትትሃል?» ሲለው ክፍሉ በሙሉ ተንከተከተ። ስድብ ይረሳል የሚሉ ያልተሰደቡ ናቸው። አባቱ ተራራው ላይ እስካለው ካምፕ፣ እስከ ጨነቅ፣ የቱሪስት ጓዝ በበቅሎ ያመላልሳል። ከዚያች ማክሰኞ ወዲህ አስረኛ ክፍል ውስጥ አለነ የሚባል ልጅ የለም፤ ያለው «ጫኙ» ነው።

«አለነ የለም እንዴ?» አሉ መምህር ወልደ ሩፋኤል። ኮምፒውተሩ ላይ ለሚቀመጠው ልጅ የተጣለው ዕጣ የወጣው ለእሱ ነበር።

«አለሁ» አለ።

ከፊት የቆመችው ስጦታ የምትባል ወጣት ከሌላ ከተማ ዩኒቨርሲቲ ነው የመጣችው። የርቀት ተማሪዎች የሚማሩበትንና የሚፈተኑበትን የኢንተርኔት ገጽ ልታሻሽል ነው። ለዚህም ገጹን አይቶ የማያውቅ ልጅ የልምምድ ፈተና ሲሠራበት፣ የት የት ጋ እንደሚቸገር ማየት ፈልጋለች። ክፋቱ፣ አለነ የሚነካው ሁሉ በፕሮጀክተር ግድግዳው ላይ ይታያል።

«አይዞህ» አለችው ወንበር እየሳበችለት። «የምንፈትነው ገጹን ነው፤ አንተን አይደለም።»

እንዲህ እያሉ ነው የሚያስቀምጡህ፣ አለ በሆዱ። መዳፉን ላብ አጥምቆት ማውሱ ይሟልጨዋል። ዞር ብሎ ባያይም ያርጋል ከኋላው እንዳለ ጀርባው ያውቃል።

ገጹን አይቶት አያውቅም፤ በወሬ ግን ያውቀዋል። ታላቅ እህቱ ታየች ደረስጌ በምትባል የገጠር ከተማ አስተማሪ ናት፤ ዲግሪዋን በርቀት የምትማረው በዚሁ ገጽ ነው። ባለፈው ሴሚስተር የመጨረሻ ፈተናዋን ልትጨርስ ስትል ተዘጋባት። ከዩኒቨርሲቲው «ኔትወርክ ነው» አሏት፤ ዜሮም ሰጧት። የፊታችን ሰኞ ትደግመዋለች። አሁንም ካልሆነላት ትሰናበታለች። ዛሬ ጠዋት ደውላ፣ «ገና ካሁኑ ፈርቻለሁ፣ አለነ። ያኔ ምን እንደነካሁ እንኳ አላውቅም» ብላው ነበር።

ጥያቄዎቹ ከባድ አልነበሩም። አንዱን መልሶ ወደ ታች፣ ሌላውን መልሶ ወደ ታች እያለ መጨረሻው ደረሰ። የመጀመሪያውን ጥያቄ መሳሳቱ ትዝ ያለው እዚያ ሲደርስ ነው። ተመልሶ ሊያርመው ፈለገ። ከገጹ ግርጌ አንድ ሰማያዊ ቁልፍ አለ። «ውጣ» ይላል። ነካው።

ግድግዳው ነጭ ሆነ። ጥያቄዎቹም የሉ፣ መልሶቹም የሉ።

ሰበርኩት፣ አለ በሆዱ። አባቴን ሊያስጠሩ ነው። ከነበቅሎው እዚህ በር ላይ ሊያቆሙት ነው።

«ጫኙ ገደል ከተተው!» አለ ያርጋል። ሳቁ ከኋላ እንደ ናዳ ወረደበት።

«ጸጥታ!» አሉ መምህር ወልደ ሩፋኤል። እሳቸውም ግን ሳቃቸውን ሊይዙ ከንፈራቸውን ነክሰዋል።

ስጦታ አልሳቀችም። ጎንበስ ብላ «ለምን ነካኸው?» አለችው በለሆሳስ።

«በስህተት ነው» ሊል አፉን ከፈተ። ይቺ መልስ ታድነዋለች። እጄ አዳለጠኝ ይላል፣ ይነሳል፣ አለቀ። እውነቱን ከተናገረ ግን አዲስ ስም ይወጣለታል፤ ትምህርት ቤቱን እስኪለቅ የማይለቀው ስም። ይህን እያሰበ ሳለ የታየች ድምፅ መጣበት፤ ምን እንደነካሁ እንኳ አላውቅም። እሷም ያደገችው እዚሁ ደባርቅ ነው። እሷም የመጀመሪያውን ጥያቄ ልታርም ፈልጋ ቢሆንስ? ሰኞም ይሄው ቁልፍ እዚያው ግርጌ ላይ አድፍጦ ይጠብቃታል።

ጣቱን ወደ ግድግዳው አናት ቀሰረ።

«ላይ... ልወጣ ብዬ ነው» አለ።

«እ?»

«የመጀመሪያው ጥያቄ ያለው ከላይ ነው። ውጣ ይላል፤ ልወጣ ነካሁት።»

ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። አንዱ ጠረጴዛ ደበደበ። «ተራራ መሰለው! ተራራ መሰለው!» ይላል ያርጋል። አለነ ግን ከአፉ የወጣ አይመለስምና ቀጠለ።

«እኛ አገር ወደ ጨነቅ ውጣ፣ ወደ ዛሪማ ውረድ ነው የሚባለው። ላይ የሚያደርሰኝ መሰለኝ። ከፈተናው ውጣ ማለት ከሆነ ለምን እንደዚያ አይልም? ደግሞ የሰው መልስ ሁሉ ከመጣሉ በፊት አይጠይቅም? እህቴም... ዜሮ ያገኘችው በዚህ ይመስለኛል። ሰኞ ትፈተናለች።»

ሳቁ እየሳሳ ሄደ። ስጦታ ገጹን መልሳ ከፈተችና ግርጌው ላይ አፈጠጠች።

«ውጣ» ብላ አነበበች ለራሷ። «ይህን የጻፍኩት እኔ ነኝ። አንድም ቀን ወደ ላይ ይወስዳል ብዬ አላነበብኩትም።» ከዚያ ወደ እሱ ዞረች። «እህትህ ማን ትባላለች?»

«ታየች ዓለምብርሃን።»

«የበፊቱን ፈተናዋን እንዲያዩላት እነግራቸዋለሁ፤ እሺ ማለታቸውን ግን እንጃ። ቁልፉን እስከ ሰኞ ለመቀየር እሞክራለሁ። ካልደረሰልኝ፣ እንዳትነካው ንገራት።»

ከክፍል ሲወጡ ያርጋል ከጓደኞቹ ጋር በሩ ላይ ተደርድሮ ጠበቀው።

«እሺ ጫኙ፣ አሁንስ ወዴት ነው? ውጣ ነው ውረድ?»

አለነ መልስ ነበረው። ከዚያች ማክሰኞ ጀምሮ ሲስለው የከረመ፣ አጥንት የሚሰብር መልስ። ምላሱ ጫፍ ደረሰ። ዋጠውና ስልኩን ከኪሱ አወጣ።

«ምነው፣ ዲዳ ሆንክ?» አለ ያርጋል።

ስልኩ ጠራ፣ ጠራ፣ ተነሳ።

«እታለም» አለ አለነ በመካከላቸው እያለፈ፣ «ስሚኝማ፤ ከታች አንድ ሰማያዊ ቁልፍ አለ...»

ዳገቱን ይዞ ወጣ።