ሥዕሎቹ ያልጠፉበት መመሪያ

ዳቦ ጋጋሪው ካሜን የሞተው ሊጥ ማቡኪያው ውስጥ አጎንብሶ ማማሰያውን ሲጠርግ ነው። በፕሮግራም ራሱን የሚያስነሣው ማሽን ተነሣበት። በማግስቱም ቢሮው ጠረጴዛ ላይ ያለው ኮምፒውተር «ማሽኑ ቆሟል» እንዳለ ነበር፤ ከጎኑ ራሊና የጻፈችው የማሽኑ መመሪያ ተከፍቷል።

ራሊና አላለቀሰችም። እጇ የሌላ ሰው ይመስል ጭኗ ላይ ተጋድሟል።

«የጻፍሽውን አምኖ ነው የሞተው» አላት ፕሮግራም ሠሪው ስትራሂል።

መርማሪዋ ቴሜኑጋ ካፖርቷን ሳታወልቅ አጠገቧ ተቀመጠች። «አስረጂኝ ልጄ፤ እኔ ስልኬንም የሚያስተካክልልኝ የልጅ ልጄ ነው። ይሄ መስመር ምን ይላል?»

«ማሽኑን የሚያቆመው ፋይል የት እንዳለ ነው። ካለህበት ፎልደር ውጣ፣ ጎን ያለው ውስጥ ግባ፣ ‹አቁም› የሚለውን ክፈት።»

«ሙሉ አድራሻውን አትጽፊም ነበር?»

«ኮምፒውተር ሲቀየር ይበላሻል። ይሄኛው መነሻው መመሪያው ያለበት ቦታ ነው።»

ቴሜኑጋ ከቢሮው ወጥታ በስተቀኝ ያለውን በር ከፈተች፤ መጸዳጃ ቤት። ከወጥ ቤቱም ወጥታ ቀኟን ከፈተች፤ የመጥረጊያ ማስቀመጫ። «ያው አቅጣጫ፣ መነሻው ሲለወጥ ሌላ ቦታ» አለች ለራሷ። ከዚያ አለቃቸውን አቶ ሊዩበንን ጨምራ ሦስቱንም ሰበሰበች።

«መመሪያው አንድ ፊደል አልተነካም። የተነካው ቦታው ነው፤ ፕሮግራሙ ወደሚሞከርበት ፎልደር ተዛውሯል። እዚያ ጎኑ ያለው ‹አቁም› የሚያቆመው ስክሪኑ ላይ ያለውን የውሸት ማሽን ብቻ ነው። ማን አዛወረው?»

«እኔ እሆናለሁ» አለ ስትራሂል። «ፎልደር ሳጸዳ እጄ ስቶ ነው። ይቅር በሉኝ።»

«ራሊና፣ መመሪያው ውስጡ የሚታዩትን ሥዕሎች የሚያገኘው በምንድን ነው?»

«በዚያው መንገድ። እነሱ ሌላ ፎልደር ውስጥ ናቸው። መመሪያው ብቻውን ከሄደ በየቦታቸው ባዶ ሳጥን...» ስክሪኑን ወደ ቴሜኑጋ አዞረች።

«ካሜን ባዶ ሳጥን ቢያይ ይጠረጥር ነበር። ይኸው፣ ሥዕሎቹ ሁሉ አሉ። እጁ የሳተ ሰው ተመልሶ ሥዕል አያጓጉዝም፣ ስትራሂል።»

ስትራሂል ወደ በሩ አፈገፈገ።

«ስትራሂል ፕሮግራማችንን ለተፎካካሪ ያሳልፋል ብሎኝ ነበር ካሜን» አሉ አቶ ሊዩበን ቀስ ብለው። «ሳቅኩበት።»

ስትራሂልን ሲወስዱት ቴሜኑጋ የራሊናን ትከሻ ነካ አደረገች። «ጥፋቱ ያንቺ አይደለም።»

ራሊና እፎይታው እስኪመጣ ጠበቀች። አልመጣም።

«ቀብሩ ስንት ሰዓት ነው?» አለች፤ ከትናንት ጀምሮ ለመጠየቅ ያልደፈረችውን።