ዘይት ጠብ አድርግልኝ

ይሄ ታሪክ ከራሴ የፈጠርኩት ቢሆን ደስ ባለኝ ነበር። ግን በገዛ ዓይኔ ያየሁት ነው።

ቅዳሜ፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት። በጠራራ ፀሐይ።

ከቤታችን ጀርባ ያለችውን የብረት ሥራ ክፍላችንን ልከፍት ሄድኩ። ጋሼ ከሞተ ጀምሮ ወር ሙሉ ተቆልፋ ነበር። ቁልፉ ከኪሴ ወጥቶ አያውቅም።

ጋሼ ታላቅ ወንድሜ ነው። ብሎን ላይ ጥርስ የሚያወጣው በአባታችን አሮጌ የእጅ መሣሪያ ነበር። ብረቱን ሞርሳ ላይ አጥብቆ ያስርና፣ ሁለቱን እጀታ ይዞ ግማሽ ዙር ወደፊት፣ ሩብ ዙር ወደኋላ። እሱ ሲያዞር እኔ ዘይት ጠብ ጠብ አደርግለታለሁ። ያለ ዘይት ብረቱ ይጮሃል።

የመጨረሻዋ ቀን ተጣላን።

"ይሄን ጉድ ለሙዚየም ስጥና እንደ ሰው ማሽን እንግዛ" አልኩት። ሳቀብኝ። አኩርፌ ወጥቼ ደጅ ተቀመጥኩ።

"አንተ አኩራፊ! ና ዘይት ጠብ አድርግልኝ!"

ሰማሁት... ዝም አልኩ።

ትንሽ ቆይቶ "ወንድሜ..." አለ። ድምፁ ደከም ብሎ ነበር።

አሁንም ዝም አልኩ።

ስገባ መሬት ላይ ወድቋል። ልቡ ነው አሉን። ሲጠራኝ መስማቴን ለማንም፣ ለእማዬም ጭምር አልተናገርኩም።

ያን ቅዳሜ በሩን ስከፍት መሣሪያው ጋሼ እንደተወው ነው፤ ሞርሳው ላይ የታሰረውን ብረት ነክሶ። ከሥሩ ግን አዲስ የብረት ፍቅፋቂ አየሁ።

ነካሁት... ይሞቃል።

እጀታው ዞረ።

ግማሽ ዙር ወደፊት... ሩብ ዙር ወደኋላ። ብረቱ ጮኸ።

ግን አልሸሸሁም። ሁለተኛ ጥዬው ልሂድ?

ዘይቱን አንስቼ ጠብ አደረግኩለት። ጩኸቱ ጠፋ።

"ጋሼ..." አልኩ በሹክሹክታ። "ሰምቼህ ነበር። ሁለቱንም ጊዜ ሰምቼሃለሁ። ይቅር በለኝ..."

እጀታው ባለበት ቀጥ አለ።

ዞር ስል እማዬ በሩ ላይ ቆማለች። የምታየው እኔን አይደለም። ከሞርሳው ማዶ ያለውን ባዶ ቦታ ነው።

"ምነው ልጄ... ለምን ነገርከው?" አለችኝ ቀስ ብላ። "'ወንድሜ ሳይሰማኝ ቀርቶ ነው' ብሎ ነበር እኮ የሄደው።"

በአጠገቤ አልፋ ወደዚያው ሄደች። ሻሿን ከራሷ ፈታችና፣ ጋሼ ቆሞ ቢሆን ፊቱ በሚሆንበት ከፍታ ላይ አየሩን ጠረገች።

ስታወርደው ሻሹ ርሷል።