የአውራ ጣት ክር

ሁለቱም እጆቿ ባንጆው ላይ ስለነበሩ ፌንጣ ቪዲዮውን ያቆመችው በአፍንጫዋ ነው።

«ቆይ! ቆይ! ቆይ!» አለች፣ ክፍሉ ውስጥ ከእሷ በቀር ማንም ሳይኖር።

ስልኩ መስኮቱ ሥር በሁለት መጻሕፍት ተደግፎ ቆሟል። ስክሪኑ ላይ ባለኮፍያው ሽማግሌ ቀኝ እጁን ከበሮ በሚመስለው የባንጆው ሆድ ላይ፣ ክሮቹ ጋ እንዳደረገ ቀጥ ብሎ ቀርቷል። ሽማግሌው ከሚናገረው ውስጥ ፌንጣ የሚገባት ጥቂት ቃል ብቻ ነው፤ ግን ጣቶቹን ለማየት ቋንቋ አያስፈልግም። ችግሩ ሌላ ነው። ሽማግሌው ሲጫወት ከዜማው በላይ አንድ ቀጭን «ቲን» የሚል ድምፅ ሳያቋርጥ ይንጠባጠባል። እስከ ዛሬ ከካሜራው ጀርባ ሌላ ሰው ደወል የሚመታለት መስሏት ነበር።

እንደገና በአፍንጫዋ ነካችው። የሽማግሌው አውራ ጣት ወደ ላይ ወጣች፣ የሆነ ነገር ነካች፣ «ቲን» አለ፣ ተመለሰች። ፌንጣም የራሷን አውራ ጣት በዚያው መንገድ ላከቻት። ምንም የለም። አየር ብቻ።

«አንተ ሰውዬ» አለችው፣ «እዚያ ላይ ምን ደብቀህ ነው?»

ምስሉን በሁለት ጣቷ ለጥጣ አሰፋችው። የሽማግሌው ባንጆ ራስ ላይ ክር የሚወጠርባቸው አራት መቃኛዎች አሉ፤ የእሷም ላይ አራት ናቸው። በአንገቱ በኩል ቀስ ብላ ወረደች። እዚያ፣ አንገቱ መሃል ላይ፣ ከጎኑ እንደ ጆሮ ብቅ ያለ ሌላ መቃኛ ታያት። ከእሱ የተነሳ አንድ አጭር ክር ከሌሎቹ ሁሉ በላይ፣ ልክ አውራ ጣት ሥር ተዘርግቷል።

አምስተኛ ክር!

የራሷን ባንጆ ወደ ብርሃን አዞረች። ክሮቹን ከፍ አድርጋ የምትይዘው ትንሽ እንጨት ላይ እያንዳንዱ ክር የሚቀመጥበት ጭረት አለ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት፣ አምስት! በየቀኑ እያየቻቸው ቆጥራቸው አታውቅም። ከታች፣ የክሮቹ ጫፍ የሚታሰርበት ብረት ላይም መንጠቆዎቹ አምስት ናቸው። አንዱ ባዶውን ቁጭ ብሏል።

ከአልጋው ዘላ ወረደች። ደስ ሲላት መቀመጥ ስለማይሆንላት ነው አባቷ ፌንጣ ያላት። ለጓደኛዋ ለሬዲዮ የድምፅ መልእክት ላከች፦ «ሬዲዮ! ባንጆዬ አምስት ነው! አምስት! ቶሎ ነይ!» ከዚያ የጎደለችው መቃኛ የት እንደነበረች ለማወቅ አንገቱን በጣቷ ዳሰሰችው። ለስላሳ ነው፤ ያብለጨልጫል። ጣቷ አንገቱን ከሚያቋርጡት ቀጫጭን ብረቶች አምስተኛው አጠገብ ስትደርስ ቀጥ አለች።

እዚያ አካባቢ ቀዳዳ እንደነበር ትዝ አላት። የደፈነው አባቷ ነው።

አባቷ የቤት ዕቃ ጠጋኝ ነው። ባንጆው የመጣው አንድ ደንበኛ ፈርሶ መደርደሪያ እንዲሆንለት ባመጣው አሮጌ ቁም ሳጥን ውስጥ ነበር፤ ደንበኛው «እሱንማ ጣሉት» ብሎ ሄደ። አባቷ አልጣለውም። የዛጉትን አራት ክሮች በአዲስ ተካ፣ የላላውን አጠበቀ። አንገቱ ጎን ላይ ያለውን ቀዳዳ ሲያይ ግን ተናደደ። «ግድግዳ ላይ ለመስቀል ብለው ሚስማር መትተውበታል! ምን ዓይነት ጭካኔ ነው?» አለ። ቀዳዳውን በእንጨትና በኮላ ደፈነው፤ አጠገቡ ተጎልታ የነበረችውን ትንሽ ጉብታ በብርጭቆ ወረቀት ፍቆ አጠፋት፤ ቫርኒሽ ቀባው።

እነሱ ቤት የራሳቸው ዕቃ የሚጠገነው ደንበኛ ሲጠፋ ብቻ ነው። የምግብ ጠረጴዛቸው አንዱ እግር ከታጠፈ ካርቶን ጋር ተጋብቶ ከኖረ ዓመታት አልፈዋል። ለባንጆው ግን አባቷ የዕረፍት ቀኑን ሙሉ ሰጠ። ሲያስረክባትም፣ በሥራው ጉራ ነዝቶ የማያውቀው ሰው፣ አንገቱን እያገላበጠ «የቱ ጋ ነበር? እስኪ ፈልጊው» አላት። ፈለገች፤ አላገኘችውም። የዚያን ቀን ሲስቅ አመሸ።

ከዚያ ወዲህ ባለኮፍያው ሽማግሌ መምህሯ ሆነ። መጀመሪያ ላይ የጣቶቿ ጫፍ ቀልቶ እስክሪብቶ መያዝ አቃታት። እናቷ ከወጥ ቤት ሆና «ያንን ድስት ዛሬም ልትቀጠቅጪው ነው?» ትላታለች። ፌንጣ ድምፁን ለማፈን የአባቷን ካልሲ በባንጆው ጀርባ ጠቀጠቀችበት፤ አባቷ ካልሲውን ሲፈልግ ከረመ። ከዚያ አንድ ቀን፣ ከትምህርት ቤት እንደመጣች፣ ጣቶቿ ሳይደናቀፉ ተከታተሉ። ዜማው ኳስ ደረጃ ላይ እየነጠረ እንደሚወርደው ሆነ። ከወጥ ቤት ምንም ድምፅ አልመጣም። ፌንጣ ዝምታውን እንደ ጭብጨባ ቆጠረችው።

ለካ ያ ሁሉ የሆነው አንድ ክር ጎድሎ ነው!

ሬዲዮ እያለከለከች ደረሰች። ሬዲዮ የተባለችው ወሬዋን የሚዘጋ ስለሌለ ነው። በዓመቱ መዝጊያ ፕሮግራም ላይ ሁለቱ አብረው ሊቀርቡ ተመዝግበዋል፤ ሬዲዮ ስለ ትምህርት ቤቱ የተበላሸ ደወል የጻፈችውን ዘፈን ልትዘፍን፣ ፌንጣ ደግሞ ልታጅባት። የሙዚቃ አስተማሪያቸው «ጓደኛሽ በደንብ ትጫወታለች?» ብሎ ሲጠይቃት ሬዲዮ ዓይኗን ሳታሽ «ቲቸር፣ ወንበርዎ ላይ መቀመጥ ከቻሉ እኔን ያባርሩኝ» ብላዋለች። ከነገ ወዲያ ሊሰማቸው ቀጥሯቸዋል።

ሬዲዮ ቪዲዮውን አፏን ከፍታ አየችው።

«ስለዚህ እስከ ዛሬ የተጫወትሽው ግማሹን ነው?»

«ከአምስት አራቱን ነው፤ አታካብጂ።»

«ከአምስት አራቱን ይዘሽ እንዲህ ከሆንሽማ…» ሬዲዮ ደረቷን ያዘች። «ወይኔ! ቲቸርን አልዋሸሁትም ማለት ነው! ክሩን ለኔ ተዪው፤ ወንድሜ ለጊታሩ የገዛት ቀጭን ክር አለችው።»

«ይሰጥሻል?»

«ካልሰጠኝ አጠገቡ ቁጭ ብዬ እዘፍንበታለሁ።»

እየተሳሳቁ ከቤቱ ጀርባ ወዳለው የአባቷ ወርክሾፕ ገቡ። አባቷ ቁም ሳጥን ሊያደርስ ወጥቷል። ወለሉ ላይ ሰጋቱራ ተነጥፏል፤ አዲስ የተላገ ጣውላ ይሸታል። ፌንጣ ቀዳዳው እንዴት እንደተደፈነ ስትነግራት ሬዲዮ ትከሻዋን ነቀነቀች።

«ምን ችግር አለው? እንክፈተዋ! መሰርሰሪያው ያው። ጥዝዝ! አለቀ።»

«አባዬ ያያል።»

«ቢያዩስ? ስለ ባንጆ ያውቃሉ እንዴ?»

«ስለ እንጨት ያውቃል።»

«ታዲያ ምን ልታደርጊ ነው?»

«እኔ እንጃ። ሙሉ ቀን የለፋህበት ሥራ ስህተት ነው ልበለው? ስንት ደንበኛ እያስጠበቀ ነው እኮ የሠራልኝ።»

«አትንገሪያቸዋ! እሳቸውም ደስ ብሏቸው ይኑሩ፣ አንቺም አምስት ክር ይኑርሽ። ማንም አልተጎዳም።»

ነገሩ ሲሰሙት ልክ ይመስላል። የፌንጣ አውራ ጣት ደግሞ ከአሁኑ መቆም አቅቷታል። የባንጆውን አንገት በጨርቅ ጠቅልላ ዕቃ ጨብጦ በሚይዘው ብረት፣ በሞርሳው አፍ ውስጥ አስገባችውና እንዳይጨፈለቅ ቀስ ብላ አጠበቀችው። አባቷ አስተምሯታል፤ ታውቅበታለች። ቦታውን ከቪዲዮው ላይ ለካች፣ ቀጭኗን መብሻ ጫፍ መረጠች፣ መሰርሰሪያውን አነሳች። የብረቱን ጫፍ እንጨቱ ላይ ለማሳረፍ ፊቷን አስጠጋች።

ያን ጊዜ መስመሮቹን አየች።

ቀጫጭን ቡናማ የእንጨት መስመሮች ከራሱ ተነስተው በአንገቱ ርዝመት ይፈሳሉ። ድፍኑ ጋ ሲደርሱ ገብተው በወዲያ በኩል ይወጣሉ። አንዷ መስመር ብቻ ትንሽ ዘንበል ብላለች። አባቷ ያገኘውን ቁራጭ አልጎሰጎሰም። መስመሩ ከመስመሩ የሚገጥምለት እንጨት ሲፈልግ ነው የዋለው። የዚያን ቀን የቁርጥራጭ ሣጥኑ ወለሉ ላይ ተገልብጦ ማየቷ ትዝ አላት። ምን ጠፍቶት እንደሆነ እንኳ አልጠየቀችውም ነበር።

መሰርሰሪያውን መልሳ አስቀመጠችው።

«ምነው?» አለች ሬዲዮ።

«እንጠብቀው።»

«ፌንጣ፣ በናትሽ! ከነገ ወዲያ እኮ ነው!»

«እንጠብቀው አልኩሽ።»

ጣውላ ላይ ጎን ለጎን ተቀመጡ። ሬዲዮ እግሯን ስታወዛውዝ ቆየች።

«ቢቆጡስ?»

«ይቆጣል።»

«ቢያዝኑስ?»

ፌንጣ የፈራችው ማዘኑን ነው።

አባቷ ቁም ሳጥኑን ያሰረበትን ገመድ ትከሻው ላይ ጥሎ ገባ። ሞርሳው ውስጥ ያለውን ባንጆ አየ፤ አጠገቡ ያለውን መሰርሰሪያ አየ።

«ይሄ ደግሞ በምን ወንጀል ታሰረ?» አለ።

ፌንጣ ልትለው ያዘጋጀችው ነገር ነበራት። ሁሉም በአንድ ትንፋሽ ወጣ። «አባዬ፣ ሚስማር አልነበረም! ቀዳዳው የመቃኛ ነው፤ የአምስተኛ ክር መቃኛ። ጉብታዋም የክሩ ማረፊያ ነበረች። እኔም ዛሬ ነው ያወቅሁት። አንተ በጣም አሳምረህ ነው የደፈንከው፣ ግን…» ትንፋሿ አለቀ። ስልኩን ዘረጋችለት።

አባቷ ስልኩን ከዓይኑ አርቆ አየ። «ድገሚልኝ» አለ። ደገመችለት። በሦስተኛው ማየቱን ትቶ ስልኩን ጆሮው ላይ ለጠፈው። ያች «ቲን» የምትለው ድምፅ በወርክሾፑ ውስጥ ተንጠባጠበች። ስልኩን መለሰላትና ድፍኑን በአውራ ጣቱ አሸት አሸት አደረገው። 

«ጆሮውን ቆርጬ ነው ያስረከብኩሽ በይኛ» አለ በመጨረሻ። ሊስቅ ሞከረ፤ ሳቁ መንገድ ላይ ቀረ። መሰርሰሪያውን በዓይኑ አመለከተ። «ሁሉን አዘጋጅተሽ ምነው ሳትበሺው ቀረሽ?»

«መስመሮቹን አየኋቸው።»

አባቷ ቀና ብሎ አያት። መንገድ ላይ የቀረው ሳቅ ያን ጊዜ መጣ።

«አንዷ አስቸግራኛለች» አለ።

«አዎ፣ እሷንም አይቻታለሁ።»

ገመዱን ከትከሻው አውርዶ ሰቀለ። «በይ አሁን ስሚኝ። መቃኛውን እኔ ከጠንካራ እንጨት እቀርጽልሻለሁ፤ ለክሩ ማረፊያ አንዲት ትንሽ ብሎን ትበቃለች። ቀዳዳው ግን ቀላል አይደለም። አንገቱ አርጅቷል፤ ደርቋል። ከድፍኑ ትንሽ ወጣ ካልን ሊሰነጠቅ ይችላል፤ ከተሰነጠቀ ደግሞ እኔም አላድነውም። በአራቱም ክር ይጫወታል። ማታ ማታ እሰማሻለሁ እኮ፤ ያምራል። ባንጆው ያንቺ ነው፤ አንቺ ወስኚ።»

«እኔ ምንም አልተናገርኩም» አለች ሬዲዮ። «ከተሰነጠቀ ጠረጴዛ እየደበደብሽ ታጅቢኛለሽ፤ እኔ ምንም አልተናገርኩም።»

ፌንጣ ባንጆው ሞርሳው ውስጥ እንዳለ ክሮቹን ከላይ ወደ ታች በጣቷ ጠረገቻቸው። አራቱ ክሮች አብረው ጮኹ፤ ጥሩ ድምፅ ነው። በዚህ ድምፅ ከነገ ወዲያ ሳትፈራ መጫወት ትችላለች። ዕድሜዋን ሙሉ መጫወት ትችላለች። አውራ ጣቷ ግን ማንም ሳያዛት ወደ ላይ ወጣች፤ አየር ላይ ቆይታ ተመለሰች።

«እንክፈተው» አለች።

አባቷ ስለታም ቢላዋ አነሳ። የራሱን ቫርኒሽ፣ ቁስል ላይ የተለጠፈ ፕላስተር እንደሚላጥ፣ ሳያመነታ ፋቀው። ከሥሩ የደፈነባት ትንሽ ክብ እንጨት ታየች። የኤሌክትሪኩን መሰርሰሪያ «ይሄ ይቸኩላል» ብሎ ገፋ አደረገውና መሳቢያ ውስጥ በእጅ የሚዞረውን ፈልጎ አወጣ።

«ቀለሙን የቀባሁት ላይ ላዩን ነው» አላት። «የኔ እንጨት ውስጡ ነጭ ነው፤ የባንጆው ግን ጥቁር። የሚወጣው ብናኝ ነጭ እስከሆነ ድረስ መንገድ ላይ ነን። ጥቁር ካየሽ እዚያው ቁሚ።»

የምትቆመው እሷ መሆኗ የገባት እጀታውን ሲያስጨብጣት ነው። እሱ በወዲያኛው በኩል ዞሮ፣ ጎንበስ ብሎ፣ የባንጆውን አንገት በሁለት እጁ ያዘላት።

ፌንጣ ጫፉን ክቧ መሃል ላይ አሳረፈችው።  አንድ ዙር አዞረች። አቆመች። ብናኙን እፍ አለችው።

«ምንድነው?» አለ አባቷ ከወዲያ ማዶ።

«ነጭ!»

«ቀጥዪ።»

ሬዲዮ ሁለት እጇን አፏ ላይ አድርጋለች። ፌንጣ ደግማ አዞረች፣ ደግማ እፍ አለች፣ ዓይኗን አስጠግታ አየች።

«ነጭ!» ብላ ቀጣዩን ዙር ጀመረች።